አቶ ዓሪፍ አብዱልሐሊም እና ወይን ጠጅ የሆነችው ወረቀት

አቶ ዓሪፍ ከአባታቸው ከሼህ አብዱልሐሊም ይመርና ከእናታቸው ከወ/ሮ ቶይባ እንድሪስ በ1974 ዓ.ም. በሀብሩ ወረዳ ግራና ተወለዱ። ቁርኣንንና አንደኛ ደረጃን በግራና፣ ሁለተኛ ደረጃን በወልድያ ተምረው በፋርማሲ ተመረቁ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው የስኳር ሕመም ስለያዛቸው ከዚያ ወዲህ ያለ ኢንሱሊን ውለው አያውቁም።

ታናሽ እህታቸው ዙልፋ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሚጥል ሕመም ነበረባት። ረመዳን ሲገባ ሕመሙ ቀለል እንደሚልላት ያስተዋሉት እሳቸው ናቸው። ለሁለተኛ ዲግሪያቸው ያጠኑትም ይህንኑ ነው፤ ሰውነት እህልና ስኳር ሲያጣ ከስብ የሚያወጣው ኬቶን የሚጥል ሕመምን እንዴት እንደሚያስታግስ። ዙልፋን በቅቤ፣ በእንቁላልና በሥጋ አኖሯት። ጠዋት ጠዋት ሽንቷን በኬቶን መለኪያ ወረቀት ትለካለች፤ ወረቀቷ ቀለሟ ተለውጦ ወይን ጠጅ ከሆነች "ዛሬ አይጥልሽም" ይሏት ነበር። ውጤቱ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በደብተር ተመዘገበ።

በ2002 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሀስና ሰይድ ጋር ተጋብተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ። መርሳ ላይ ፋርማሲ ከፍተው ሲያገለግሉ ጎረቤት "ዓሪፍ ከእንጀራ በቀር ጠላት የለውም" እያለ ይቀልድባቸው ነበር።

ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲደርስ መብራት ጠፋ፤ በውርጌሳ በኩል ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድም ተዘጋ። ኢንሱሊናቸውን ሙቀት እንዳያበላሸው እርጥብ አሸዋ ላይ በተቀመጠ ገንቦ አቆዩት። ጥቅምት 3 ቀን አለቀ። ውሃ ጥሙ በረታባቸው፣ አስታወካቸው። በሦስተኛው ቀን ወረቀቷን በሽንታቸው እንድትነክርላቸው ዙልፋን ጠየቁ። ወረቀቷ ከመቼውም ይልቅ ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ ሆነች። ዙልፋ ደስ አላት።

"አልሐምዱሊላህ፣ ጥሩ ነው ወንድምዬ" አለቻቸው።

ያው ኬቶን ኢንሱሊን ላጣ የስኳር ሕመምተኛ መርዝ መሆኑን ዙልፋ አታውቅም ነበር። እሳቸው ያውቁ ነበር።

"አዎ፣ ጥሩ ነው። አንቺ ብቻ ቅቤሽን እንዳትተዪ" አሏት።

ጥቅምት 8 ቀን 2014 ዓ.ም. በአርባ ዓመታቸው ወደ አኼራ ሄዱ። በዕለቱ ጥቂት ጎረቤቶች ቀበሯቸው፤ ይህ ታሪክ የሚነበበው መንገድ ተከፍቶ ለዱዓ በተሰበሰብንበት ቀን ነው። እናታቸው፣ ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና ዙልፋ ቀርተዋል። ዙልፋ የወረቀቷን ነገር የሰማችው በታኅሣሥ ከመጣ ሐኪም ነው። እስካሁን አላለቀሰችም። ጠዋት ጠዋት ትለካለች፤ ወረቀቷ ወይን ጠጅ ትሆናለች፤ ሕመሙም አልጣላትም።

አላህ ያቺን አንዲት ዝምታቸውን ከመልካም ሥራቸው ይቁጠርላቸው፤ ቀብራቸውንም ኑር ያድርግላቸው። አሚን።