መሰኪያውን የነቀልሁት እኔ ነኝ

ሕዝቅኤል ወንድሜ፣

ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቀህ ብላ። ውሃ መጥቶ ስለነበር በርሜሉን ሞልቼዋለሁ።

ለፍልሰታ ዝግ ሱባዔ ክፍሌን ከዘጋሁ ዐሥር ቀኔ ነው። ግድግዳችን ኮምፖርሳቶ ስለሆነ፣ በዚያ በሚበረው ጀግና ጌም የምትከራከሩትን ሳልወድ ሁሉንም ሰማሁ። አንተ «ከተማው ሰፊ ነው፣ እንዳሻህ ትበርበታለህ» ትላለህ። ጓደኛህ መስዑድ ደግሞ «ምን ዋጋ አለው? ያዳንኸው ሰው አመሰግናለሁ ብሎ ይሄዳል፣ ስሙን እንኳ አታውቀውም» አለህ። እኔም በልቤ እውነቱን ነው አልሁ።

ማክሰኞ ጌሙን ሳትዘጉት ለሻይ ስትወጡ፣ ባትሪዬን ቻርጅ ላደርግ ብዬ ከማከፋፈያው ያንተን ገመድ ነቀልሁት። ጌሙ ተበላሽቶ የሦስት ሳምንት ልፋትህ ጠፋ።

አንተ ግን መስዑድን ያዝኸው።

«ስልኬን ረሳሁ ብለህ የተመለስኸው አንተ ነህ። ጌሙን ስለጠላኸው ሆን ብለህ ነው።»

«ወላሂ አልነካሁትም።»

«ታዲያ ማን ነካው? ጋሼ እንደሆኑ ከክፍላቸው አይወጡም።»

ጋሼ ያልኸኝ እኔ ግን እስከ ፍቺው ላልናገር ስለተሳልሁ ዝም አልሁ። ከዚያ ወዲህ መስዑድ አልመጣም። እኔም አራት ቀን ሙሉ በሩን የዘጋሁት ለጸሎት ይሁን ለመደበቂያ አላውቅም፤ ዳዊቱም አልደገም ብሎኛል።

ፍቺው ስድስት ቀን ይቀረዋል። እኔ ግን አሁን ወደ ሐይቁ ዳር፣ የመስዑድ አባት ጀልባ ከሚሠሩበት ሄጃለሁ። አፌን መጀመሪያ የምከፍተው ለመስዑድ ነው። እሺ ካለኝ ይዤው እመጣለሁ።

እስክንመጣ ከቤት አትውጣ።

ሙሉዓለም