የሦስተኛው ሩብ ዓመት ቅቤ

አምቦ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2003 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

አካም ጅርታ፣ እታለም? ያ ጉልበትሽ ተሻለው ወይ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ጾሙ እንዳላከሳሽ ተስፋ አለኝ፤ ቅቤ እየመዘኑ ሁለት ወር ሽሮ መብላት ከመነኮሰ ሰው በላይ ያስመሰግናል። እኔ ደህና ነኝ። ፀጉር ቤቴም ለፋሲካ ሹሩባ ፈላጊው በዝቶ መቀመጫ ጠፍቷል። ወሬውም እንደዚያው ነው።

የምጽፍልሽን በስልክ ያልነገርኩሽ ባልሽ ጋሽ ዱጋሳ ጆሮውን ካንቺ ስልክ ስለማያርቅ ነው። ይህን ስታነቢ ድንገት ከገባ፣ የማኅበር ጉዳይ ነው በይው።

ያን ስንት ዓመት የለፋሽበትን የእጃጂ የቅቤ ሱቅ ለሚዜው፣ ለነጋዴው ለኢዶሳ ሊሸጠው ነው አልሽኝ። በነጋዴዎች ስብሰባ ላይ የሦስተኛው ሩብ ዓመት የቅቤ ሽያጭ ካምናው በሲሶ ቀነሰ ሲባል ሰምቶ፣ ንግዱ ሞቷል፣ ካቺሲ ገጠር ወንድሜ ዘንድ ሄደን እናርሳለን ማለቱ! ክርክሩ ደግሞ እኔንም አሳምኖኝ ነበር። ቅቤ ዘንድሮ ተወዷል፤ ዋጋው ጨምሮ እንኳ ብሩ ካነሰ ገዢ የለም ማለት ነው ብሎሽ የለ? አነጋገሩ እኮ ሚኒስትር ነው የሚመስል።

ሐሙስ ዕለት ዱሬቲ ፀጉሯን ልትሠራ መጣች። ባሏ ኦሊቃ በስብሰባው ላይ ያን ሪፖርት ያነበበው ባለሙያ ነው። በር ላይ ቆሞ አልጨረሳችሁም ወይ እያለ ሲነዘንዘን፣ ና ግባ፣ ቁጭ በልና የእህቴን ቤት ያመሰውን ቁጥርህን አስረዳኝ አልኩት። ሳቀ። ከጥር እስከ መጋቢት በገበያው የተሸጠው ቅቤ በብር ተተምኖ ይደመራል፣ ከዚያ ካምናው ከነዚያው ወራት ጋር ይነጻጸራል አለኝ። ይኼንንማ ዱጋሳም ያውቀዋል አልኩት። እሺ፣ አምና ፋሲካ መቼ ነበር? አለኝ።

እታለም፣ አንቺስ ታስታውሻለሽ? መጋቢት ሃያ ስድስት! ዘንድሮ ግን ሚያዝያ አሥራ ስድስት ነው። ያምናው ሩብ ዓመት የፋሲካን ገበያ በሆዱ ይዟል፤ የዘንድሮው ጾሙን ብቻ ታቅፎ ተዘጋ። ጾመኛ ቅቤ ምን ያደርግለታል፣ ለአናቱ ካልሆነ? የፋሲካው ብር የትም አልጠፋም፤ ገና መምጣቱ ነው፣ የሚቆጠረውም በአራተኛው ሩብ ዓመት ነው።

ታዲያ ለምን አልተናገርክም ብዬ ስቆጣው፣ ልናገር ነበር፣ ማብራሪያውን ስጀምር ግን ለስላሳው መጣና ሰው ሁሉ ተነሣ አለ። ዱሬቲ ደግሞ በመስተዋቱ እያየችኝ፣ እኛ ጴንጤዎቹ ጾም ስለሌለን ብንረሳ አይገርምም፣ እናንተ ጾመኞቹ ፋሲካችሁን እንዴት ረሳችሁት ብላ ሳቀችብኝ።

ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ቁጥሩ ሲያብጥ እንዳትፈነድቂ። ቅቤ ሲወደድ ያው ኪሎ ብዙ ብር ያወጣልና፣ ብሩን ብቻ አይታችሁ አትመኑ፣ ስንት ኪሎ ወጣ በሉ ብሏል ኦሊቃ።

ሊወጡ ሲሉ ምን ጨመረልኝ መሰለሽ? ይህን ስትጠይቂኝ አንቺ ሁለተኛ ነሽ አለኝ። ስብሰባው ሲበተን አንድ የእጃጂ ነጋዴ ተከትሎት ወጥቶ፣ ፋሲካ ወደ ሚያዝያ ከዞረ የሚያዝያ ገበያ ይደምቃል ማለት ነዋ እያለ ደጋግሞ ጠይቆታል። ኦሊቃ እውነት ነው ቢለው ሰውዬው ደስ ብሎት፣ ከፋሲካ በፊት የምገዛው የቅቤ ሱቅ አለኝ አለው። ስሙን አልጠየቅሁም፤ አንቺም አትጠይቂኝ።

ከጋሽ ዱጋሳ ጋር አትጨቃጨቂ። ልቡ ደግ ነው፤ ሰው ያምናል። ማታ እራት ላይ ብቻ፣ አምና ፋሲካ መቼ ነበር ብለሽ ጠይቂውና ዝም በይ። ቀሪውን ራሱ ይደርስበታል። የሱቁን ሽያጭ ውል ግን እንዳትፈርሚ።

ኢዶሳንም አትጣዪው፤ ሚዜ ዘመድ ነው። የፋሲካ ዋዜማ ለዶሮው ቅቤ ሲፈልግ፣ ሱቅሽ መጥቶ እንደ ሰው ሁሉ ይሰለፍ።

ብርሃነ ትንሣኤውን በጤና ያድርስሽ፤ እጅሽ የነካውን ሁሉ ይባርክልሽ።

ሁልጊዜም የምትናፍቅሽ ታናሽ እህትሽ