ለማን እንደምለምን ሳልጠይቅ

እንጅባራ፣ ሰኔ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ባልሽስ፣ ትንሿስ? ያ የጀርባሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከተማችን ቆሰበርም እንደምታውቂያት ናት፤ ጠዋት ዝናብ፣ ከሰዓት ዝናብ፣ በመካከሉ ጭቃ። አባቴ ስልክ እያለው ለምን ደብዳቤ ጻፈ ብለሽ እንዳትደነግጪ። ሦስት ጊዜ ደውዬልሽ ነገሩን ልጀምር ስል ኔትወርኩ አስቸገረኝ እያልኩ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ኔትወርኩ ምንም አልሆነም ነበር። ከሌላ ሰው ሳትሰሚው ልነግርሽ የሚገባ ነገር ስላለኝ ነው፤ መናገሩ ቢያቅተኝም መጻፉ ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ አይከብድም።

በቅድሚያ ስለ ጡረታ ላጫውትሽ። ጡረታ ዕረፍት ነው ያለው ሰው ጡረታ ወጥቶ አያውቅም። ሥራ ላይ ሳለሁ አለቃዬ አንድ ነበር፤ አሁን ከተማው በሙሉ አለቃዬ ነው። እርስዎ እንግዲህ ጊዜ አለዎት ይሉኛል። በዚህች ቃል ብቻ የዕድሩ ጸሐፊ፣ የሰፈሩ የመንገድ መብራት ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ከዚያም አልፎ አንድም ልጅ በማላስተምርበት ትምህርት ቤት የወላጆች ተወካይ ሆኛለሁ። ባለፈው ስብሰባ ስለ ልጆቻችን ጠባይ ግማሽ ሰዓት ተናገርኩ። ተጨበጨበልኝ።

ከሁሉ የበዛው ግን ሽምግልናው ነው። ፀጉሬ ሸብቷል፣ ኮት አለኝ፣ አንደበቴም አይከፋም። ጎረቤታችንን ሀብቱን ታውቂዋለሽ፣ ከግብርና ጡረታ የወጣውን። እሱና ሹፌር የነበረው የኋላሸት ባሉበት ሦስተኛው እኔ ነኝ። ዘንድሮ ብቻ አራት ልጃገረዶች ለምነናል። ግቡ ስንባል እንገባለን፤ ተቀመጡ ስንባል ደግሞ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለን እንገተራለን። የጉልበቴ ሕመም ሐኪም ያልደረሰበት ምክንያት ይኸው ነው። ተናጋሪው ሁልጊዜ እኔ ነኝ።

ባለፈው እሑድ ሀብቱ መጣና አንድ ልመና አለ አለኝ። ለማን ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ሚስቱ የሞተችበት ጡረተኛ ነው፣ እሺ እስኪባል ስሜ አይነሳ ብሏል አለኝ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የባለጉዳይ ስም ሳልጽፍ ፋይል ከፍቼ አላውቅም። ያን ዕለት ግን ሰውየው አፍሮ ነው ብዬ አዘንኩለትና ተውኩት። የምንሄደው ወደ ዘንገና ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ለከሰል የሚተከለውን የዲከረንስ ዛፍ ችግኝ ከሚያፈሉት ከወይዘሮ ስሜነሽ ቤት መሆኑን ስሰማ ትንሽ ከፋኝ። ለምን እንደከፋኝ አልመረመርኩትም።

እንደ ደረስን ሀብቱ በቃሌ ያስጠናኝን አወረድኩት። ሰውየው ረጋ ያለ ነው፣ ከመጠጥ የራቀ ነው፣ የሰው ነገር አይወድም አልኩ። ወይዘሮ ስሜነሽ እጃቸውን አጣምረው ሲሰሙ ቆዩና ያኮርፋል ወይ ብለው ጠየቁኝ። የማያኮርፍ ማን አለ፣ ደግሞም ቶሎ ይበርድለታል አልኳቸው፤ የማላውቀውን ሰው! የኋላሸት የጋቢውን ጫፍ አፉ ውስጥ ከተተ። ጥርሱን አሞት መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሀብቱ ቀበል አድርጎ፣ ሚስቱ ካረፈች ጀምሮ አልጋው ላይ ተኝቶ አያውቅም፣ አራት ዓመት ሙሉ ሳሎን ሶፋ ላይ ነው የሚያድረው አለ። እኔን የመሰለ ሌላም ሰው በዚህ ከተማ አለ ለካ ብዬ አንጀቴን በላኝ። እባክዎ ይህን ሰው አያሳፍሩት አልኩ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ እንባዬ መጣ።

ወይዘሮ ስሜነሽ ቀና ብለው አዩኝ። እንግዲያው ሰውየውን አንድ ነገር ጠይቁልኝ አሉ፤ ከአምና ሰኔ ጀምሮ ሰባት ጊዜ ከእኔ ችግኝ ገዝተዋል፣ ግቢያቸው ደግሞ ላም አያዞርም ይባላል፣ ለመሆኑ የት ነው የሚተክሉት?

ልጄ፣ ችግኞቹ ከኩሽናችን ጀርባ በየላስቲካቸው ተደርድረዋል። ያን ጊዜ ገባኝ። ዞሬ ሀብቱን ባየው የጣሪያውን ቆርቆሮ ይቆጥራል። ማንም ሳይፈቅድልኝ ተቀመጥኩ። በሽምግልና እንዲህ ያለ ነውር የሠራ ከእኔ በፊት መኖሩን እንጃ። ሲስቁ ቆዩና፣ ወይዘሮ ስሜነሽ ጾሙ ይፈታ፣ ወንድሜን ዓባይነህን ላማክር፣ መልሱን እሑድ ሐምሌ ስድስት ኑና ውሰዱ ብለው ሸኙን።

ቀልዱ እዚህ ላይ አለቀ። እናትሽን አልረሳኋትም፤ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ መቃብሯ ጋ ሳልቆም አልመለስም። ቤቱ ግን ጭር ብሎብኛል። ሬዲዮ እከፍትና ለዜና አንባቢው መልስ እሰጣለሁ። ችግኝ ልገዛ ስሄድ የተናገርኩትን የሚመልስልኝ ሰው አገኛለሁ፤ ደስ ብሎኝ እመጣለሁ። አንቺን ከከፋሽ ልመናው ይቀራል፤ ሀብቱን ልኬ ይቅርታ አስጠይቃለሁ። በዚህ ዕድሜዬ የምፈራው ሰው አንቺ ብቻ ነሽ።

ካልከፋሽ ግን ለሐምሌ ስድስቱ ሽማግሌ ጎድሎናል። ባለጉዳዩ ራሱ አይሄድምና የእኔ ቦታ ክፍት ነው። የኋላሸት፣ ሴት ልጅ ላባቷ ሚስት ስትለምን የት ታይቶ ብሎ ነበር፤ ሀብቱ ግን ገላመጠው። መንገዱ ሰላም ከሆነ ቅዳሜ በሚኒባስ ነይ። የምትናገሪውን አላስጠናሽም። ደጉንም ክፉውንም፣ የምታውቂውን ተናገሪ።

ይህን ለመጠየቅ የደፈርኩት ትናንት ጠዋት ብርድ ልብሱን ሳጣጥፍ ነው። ሰው ሳይመጣ አንስቼ ቁም ሳጥን ውስጥ ስለምከተው ሶፋው ላይ እንደማድር ጎረቤት አያውቅም። ለጥምቀት የመጣሽ ጊዜ ብቻ ነው እንቅልፍ ጥሎኝ የተቀደምኩት። ምንም ሳትናገሪ አጣጥፈሽ አስቀመጥሽው። ሀብቱን ማን እንደነገረው አልጠየቅሁትም። አንቺም እንዳትነግሪኝ።

እመቤቴ ከነልጅሽ፣ ከነባልሽ ትጠብቅሽ። ጀርባሽን ይማርልኝ፤ ከቤትሽ ሳቅ አይጥፋ።

አባትሽ