ጎማው በራሱ ሲዞር

ጥቅምት 3፣ ማክሰኞ። ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት

ዛሬም ያው ነው። ከ18 ማዞሪያ ቁልቁል ስወርድ ትንሽ ጉድጓድ ነካሁ፤ መኪናዋ ወደ ቀኝ ዘለለች። መሪው እጄ ውስጥ ቀጥ እንዳለ ነው። ጭነት የያዘች አህያ ለጥቂት ተረፈች። ባለቤቷ እስኪበቃው ሰደበኝ። ምን ይባላል፤ መንገዴን ቀጠልኩ።

ክረምት ላይ የግራው የፊት ሞላ ከተሰበረ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነችው። አዲስ ሞላ አገር ውስጥ የለም። የተሰበረውን ጫፍ በብረት መጋዝ ቆርጬ ጣልኩ፤ እኩል ይሁኑ ብዬ የቀኙንም አሳጠርኩ። አፍንጫዋን ደፍታ ቀረች። የሰፈር ጎረምሶች ወደዷት፤ የእሽቅድድም መኪና መሰለች አሉ። ሚስቴ አስካለ ግን ያኮረፈች ትመስላለች አለች።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ግቢ ውስጥ አቁሜ እረሳት ነበር። አሁን ኤ.ን ይዛ መውጣት አለባት። ልጄን ኤ. እያልኩ ነው የምጽፈው። ስሙን ሙሉ አልጽፍም፤ ማስታወሻዬ፣ አንቺንም ቢሆን አላምንሽም።

ጥቅ. 5፣ ሐሙስ። ምሳ ሰዓት

መ/ቤት ጋራዥ ውስጥ ነኝ። አለቃ ለምሳ ሲወጣ የራሴን መኪና አስገባሁ። የፊት ጎማዎቹን በሲባጎ ለካሁ። ቀጥ። ባለፈው ሳምንትም ቀጥ ነበሩ። ከዚያ በፊትም። ቆማ ስትለካ ጨዋ ናት፤ መንገድ ስትወጣ ሰካራም።

የመሪውን መጋጠሚያ ሁሉ ፈትሼ ጨረስኩ። የላላ የለም። ኩሽኔታዎቹም ደህና። ግራና ቀኙን ጎማ አቀያየርኩ። ለውጥ የለም። የሥራ ጓደኞቼ ንዝረት የሚያበርደው አሞርዛተር ነው ይላሉ። እነሱ ለሁሉም ነገር አሞርዛተር ነው ይላሉ፤ ለራስ ምታትም።

ትናንት ቀበሌ ስብሰባ ላይ ለብሔራዊ ውትድርና ያልቀረቡት ስም ተነበበ። የኤ. ስም አለበት። ጎጃም አያቱ ዘንድ ሄዷል ብለን ነበር፤ ይመጣል፣ እንጠብቃለን አሉ። እሱ ጓዳ ውስጥ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ጓዳ ገባ። መስኮት አይከፍትም፤ ሳል ሲመጣበት ትራስ ውስጥ ነው የሚስለው። ፊቱ ገርጥቷል፣ የእኔ ልጅ አይመስልም።

የአስካለ ወንድም ከአምቦ ወዲያ ገጠር ነው ያለው። አምጡት፣ እኔ አለሁ ብሏል። በአውቶቡስ አይሆንም፤ ኬላ ላይ ወጣት ሁሉ ይወርዳል። ኬላውን የሚዞር የገጠር መንገድ አለ፤ ዝናብ ካቆመ መኪና ያልፍበታል። ድንጋይና ጉድጓድ ብቻ። በአንድ በኩል ገደል። በዚያ ላይ በገዛ ፈቃዷ የምትታጠፍ መኪና። ልጁን ለጦርነት ወይ ልጁን ለገደል። ምርጫዬ ይኸው ነው።

አለቃ መጣ።

ጥቅ. 7፣ ቅዳሜ። ከሰ. 10

አገኘሁት። ደስ ግን አላለኝም።

ከሥራ መልስ ጎማ ላወልቅ በክሪክ ሳነሳት ዓይኔ ጎማው ላይ አረፈ። አካሏ ወደ ላይ ሲወጣ የጎማው ፊት ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ዞረ። አወረድኳት፤ ተመለሰ። ደግሜ አነሳሁ። ዞረ። መሪውን ማንም አልነካም።

ጎማውን ከታች የያዘው ክንድና ከመሪው የሚመጣው ዘንግ ጎን ለጎን ናቸው። ጎማው ሲወጣና ሲወርድ ሁለቱ እኩል መሄድ አለባቸው። ሁለት ሰው አልጋ ተሸክሞ በር ሲያልፍ አንዱ ቀድሞ ከታጠፈ አልጋው ይጣመማል፤ እንደዚያ ነው። ሞላውን ሳሳጥር አካሏ ወረደ፤ የመሪው ሳጥን አብሮ ወረደ፤ ዘንጉ ከክንዱ የበለጠ ተንጋደደ። አሁን እያንዳንዱ ጉድጓድ ዘንጉን ይገፋል፣ ዘንጉ ጎማውን ያዞራል። እኔ መሪ ጨብጬ የተቀመጥኩ ተሳፋሪ ነኝ።

ስለዚህ ቆማ ብትለካ ዕድሜ ልኳን ቀጥ ናት። እስከ ዛሬ ስለካ የኖርኩት የማያማትን ቦታ ነው። በገዛ እጄ ቆርጬ ያመጣሁት በሽታ መሆኑ ደግሞ ያናድዳል።

መድኃኒቱ የመሪውን ሳጥን ከመቀመጫው ከፍ ማድረግ ነው። ምን ያህል? እሱን ለማወቅ ጉድጓድ ውስጥ እንደገባች ያህል ተጭና መለካት አለባት። ሞላውን አውልቄ እንዳልለካ የሞላ መጭመቂያው የመ/ቤት ነው፤ ዕቃ ከበር አይወጣም።

ለኤ. በጓዳው በር ክፍተት ነገርኩት። እሱም በሹክሹክታ፣ "አባዬ፣ እኔ ልቀመጥባት?" አለኝ። አንተማ አሁን ከድመት አትከብድም አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን። አስካለ ተቆጣችን፤ ድምፅ ተሰማ ብላ።

ጥቅ. 8፣ እሑድ። ከሰ. 9

የሰፈራችን እድር ድንኳን እኛ ግቢ ነው የሚቀመጠው። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰዎቹ መጡ፤ ክረምቱን የሻገተውን ፀሐይ ሊያሰጡ። ዘንድሮ አይሆንም ማለት ያስጠረጥራል። አስካለ ኤ.ን ጓዳ ቆለፈችበት።

ድንኳኑ ከተዘረጋ በኋላ ሰዎቹን አየኋቸው። ደህና የበሉ፣ ደህና የሚመዝኑ ሰዎች። ሐሳብ መጣልኝ። የፊት ጎማው ላይ ረጅም ሳንቃ አሰርኩ፣ ከጎኑ በችካል ሲባጎ ወጠርኩ፣ ኮፈኑ ላይ ጆንያ አነጠፍኩና ኑ ተቀመጡልኝ አልኳቸው። መጀመሪያ ያበድኩ መሰላቸው። ባለ ሱቁ ጋሽ ወልዴ፣ የእድራችን ዳኛ፣ ቀድመው ወጡ። ሌሎቹም ልቅሶ ቤት አግዳሚ ላይ እንደሚቀመጡት በዕድሜ ተራ ተደረደሩ። ሳንቃው ከሲባጎው መራቅ ጀመረ። ግን ጉድጓድ ያህል አልወረደችም።

በዚህ መሃል ሙሉጌታ በሩን ገፍቶ ገባ። የቀበሌው አብዮት ጥበቃ አባል የሆነ ልጅ፤ ከኤ. ጋር አንድ ሜዳ ላይ ኳስ እየተራገጡ ያደጉ። ጠመንጃው ትከሻው ላይ። ይህ ሁሉ ሰው ምን ሊያደርግ ተሰበሰበ አለ። ጋሽ ወልዴ ከኮፈኑ ላይ ሆነው አስረዱት። ሙሉጌታ ሳቀ። ጠመንጃውን ወደ ጀርባው አዞረ።

"ጋሼ፣ እኔም ልውጣ? ከእነዚህ ሁሉ እኔ ነኝ የምከብደው።"

ወጣ። መኪናዋ እስከ መጨረሻው ተቀመጠች። ከሥር ተኝቼ ለካሁ፤ ከሳንቃው እስከ ሲባጎው አውራ ጣቴን ያህል። የፈለግኩት ይኸው ነበር። ጋሽ ወልዴ ከላይ፣ ሬሳ ሳይኖር እድር የወጣባት የመጀመሪያዋ መኪና እያሉ ያስቃሉ። እኔም ሆዴን ይዤ እስቃለሁ። ከሥር ሆኜ የሚታየኝ የተንጠለጠለ እግር ብቻ ነው። ከዚያ የሙሉጌታ ቦት ጫማ መሬት ወረደ፣ ሄደ። ሥራ ይኖረዋል።

ጥቅ. 10፣ ማክሰኞ። ማታ ገና ብርሃን ሳለ

ቶርኖ ቤት ያለው ወዳጄ ወፋፍራም ሮንዴላ፣ የብረት ቀለበት ማለት ነው፣ ቆረጠልኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ዛሬ ዛሬ ማንም ማንንም አይጠይቅም።

ከመሪው ሳጥን ሥር አስገባሁ፣ በረጃጅም ቡሎን አሰርኩ። ሰው መጥራት አልፈለግኩም። አስካለ ጆንያ ላይ አሸዋ ሞላች፤ እየጎተትን ኮፈኑ ላይ ጫንን፣ እንዳይንሸራተት በገመድ አሰርን። በግራ በኩል ሳንቃው ንቅንቅ አላለም። በቀኝ በኩል ትንሽ ከፈተ። አንድ ቀጭን ሮንዴላ ጨመርኩ። ጫንን፣ አወረድን፣ ጫንን። የአስካለ እጅ ተላጠ።

በመጨረሻ ሁለቱም ቆሙ። ተስፋ የሚባለውን ነገር ረስቼው ስለነበር አሁን ሲመጣ ሕመም ነው የመሰለኝ።

ጥቅ. 11፣ ረቡዕ። ከሰ. 11

ወደ ሳንሱሲ ነዳኋት። መንገዱ የተቦረቦረ ነው፣ ሆን ብዬ ጉድጓድ ጉድጓዱን። አንድ ባዶ ቦታ ላይ እጄን ከመሪው አነሳሁ። ገባች፣ ወጣች። ቀጥ። ደገምኩ። ቀጥ። ብቻዬን መኪና ውስጥ አለቀስኩ። ሰው ቢያየኝ ምን ይል ይሆን።

ቤት ስገባ አስካለ ፊቴን አይታ ገባት። "በቃ፣ ዳነች አይደል? ነገ ጎህ ሲቀድ ውሰደው" አለችኝ። አይሆንም አልኳት። የሞከርኳት ባዶዋን ነው። ያ መንገድ ገደል አለው፤ ሰውና ስንቅ ተጭኖባት መሞከር አለባት። ነገ ፈቃድ ጠይቄ አሸዋውን ጭኜ በቆሼ፣ በቆሻሻ መጣያው በኩል ላውጣት፣ ዓርብ ጎህ ሲቀድ እንሄዳለን። በሥራዬ ተጭና ሳትሞከር ያስወጣኋት መኪና የለችም።

አስካለ አየችኝ። ኤ. ግን አባዬ ያለው ይሁን አለ። ካልሲዎቹን እያጣጠፈ ነው።

ጥቅ. 12፣ ሐሙስ

በቆሼ በኩል ተጭና ሞከርኳት። ቀጥ ናት።

ስመለስ የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። አስካለ መሬት ላይ። ነጠላዋ በር ላይ ተረግጦ።

ወሰዱት። በካልሲ። ጫማ ላድርግ ቢል አላስደረጉትም።

አልችልም።

ጥቅ. 15፣ እሑድ። ረፋድ

ትናንት ሄድን። ከሌሎች እናቶች ጋር የወታደር ማሰልጠኛው በር ላይ ቆምን። ስም አይጠራም፣ ስንቅ አይገባም። ተመለሱ አሉን። በምን ሄዳችሁ አትበይኝ፣ በዚያችው። መንገዱን ሁሉ ቀጥ ብላ ሄደች። ጠላኋት።

ዛሬ ሙሉጌታ መጣ። ጠመንጃ አልያዘም። ግባ አላልኩትም፣ ከበሩ አላለፈም። መሬት እያየ ተናገረ።

"ኮፈኑ ላይ ተቀምጬ አየሁት፣ ጋሼ። በጓዳው በር ስንጥቅ ሲስቅ። ይዘውት ይወጣሉ ብዬ ዝም አልኩ። ረቡዕ መኪናዋ ስትወጣ ሳይ፣ እፎይ፣ ወጡ አልኩ። ከዚያ ተመለሱ።"

ሐሙስ ጠዋት የቀበሌ ሰዎች ኤ. የት እንዳለ እንደ ጠየቁት፣ እሱም እንዳወጣው ነገረኝ። የእሱ ወንድም ስምም እዚያው ስም ዝርዝር ላይ ነው። ከዚያ ሄደ። ልሰድበው ፈልጌ ነበር። እሱ ልጄን ከእሑድ እስከ ሐሙስ አቆየልኝ። እኔ ነኝ መኪና ስሞክር የከረምኩት።

መኪናዋ አፍንጫዋ ወደ ጓዳው ነበር የቆመችው። እኔው ነኝ ያቆምኳት። ከላይ የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚያይ ከሥር ሆኜ አላሰብኩም። ማክሰኞ በአሸዋ ጆንያ ለካሁ፣ አሸዋ በቂ ነበር። እሑድ ለምን አሸዋ አልታየኝም? ሰው ስለናፈቀኝ ነው። ከጓዳ ሹክሹክታ ወጥቼ ከሰው ጋር መሳቅ ስለናፈቀኝ። ልጄም ሳቁ ናፍቆት ነው በስንጥቅ ያየው።

አስካለ አንድ ጊዜም ረቡዕን አላነሳችብኝም። ብታነሳው ይሻለኝ ነበር።

ጥቅ. 17፣ ማክሰኞ። ከሰ. 10

ቀበሌ ተጠራሁ። ስለ ኤ. መስሎኝ ነበር። አይደለም። ሊቀመንበሩ ወንበር ሳበልኝ፣ በደህና ቃል አናገረኝ። መኪናህ ተሠርታ ግሩም ሆናለች ይባላል አለኝ። የቀበሌው መኪና ተበላሽቷል። ሐሙስ ንጋት ላይ ያልቀረቡትን ልጆች ለመሰብሰብ ይወጣሉ። ነገ ማታ መኪናዋን ከነቁልፉ አምጣ አለኝ። አመጣለሁ አላልኩም፣ አላመጣም አላልኩም። እሺ የሚመስል ነገር ከአፌ ወጣ።

መንገድ ላይ መጀመሪያ የመጣልኝ ሮንዴላዎቹን ማውጣት ነው። እንደ ድሮዋ ትሁን፣ የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ትገልብጣቸው። ቤት እስክደርስ ተውኩት። የሚሳፈሩት ልጆች ናቸው፣ የሚነዳው ምናልባት ሙሉጌታ ነው። ሰው ልትገድል እንደምትችል እያወቅኩ መኪና አላስረክብም።

ሌላ መንገድ አለ። የመሪውን ሁለቱንም ዘንግ ማውለቅ። ዘንግ የሌላት መኪና ጥላ ሥር ከመቆም በቀር የትም አትሄድም፤ ዘንጉም እንደ ሞላው አገር ውስጥ የለም። አሻጥር ይሉታል። ይበሉ። ያስሩኛል፤ ይሰሩኝ። ከእንግዲህ ከዚህ ግቢ የሚወስዱት እኔን ነው።

ማስታወሻዬ፣ አሁን ስሙን ልጻፍልሽ፤ የምደብቅበት ምክንያት የለም። ኤፍሬም ይባላል። ኤፍሬም። እስከ ዛሬ አንድ ፊደል አድርጌ ስላስቀረሁት ይቅር ይበለኝ።

ነገ በጠዋት ዘንጎቹን ፈትቼ በጆንያ ቆሼ እወስዳለሁ። እዚያ የተጣለ ብረት ማንም ለይቶ አያገኘውም። ለአስካለ ነገርኳት። ትቃወመኛለች ብዬ ነበር። የተላጠ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ፣ ክሪኩን እኔ እይዝልሃለሁ አለችኝ።