ቤታቸውን ከሐራጅ ያስጣሉት ወይዘሮ ጠጂቱ ፈየራ

ወይዘሮ ጠጂቱ ፈየራ ከአባታቸው ከአቶ ፈየራ ዲሳሳ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቃናኒ ኦልጅራ በ1954 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ፣ መንዲ አጠገብ ተወለዱ። በመንዲ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው በ1973 ዓ.ም. ከአቶ ጅረኛ ዱሬሳ ጋር ትዳር መሠረቱ፤ ኑሯቸውንም መጀመሪያ ባምባሲ፣ በኋላም አሶሳ አደረጉ። በእህል ንግድ ተጋግዘው ቤት ሠሩ፤ ኢልሊንና ጃለታን ወልደው አሳደጉ።

በ2011 ዓ.ም. ባልና ሚስቱ ቤታቸውን አስይዘው ከባንክ ተበደሩና እህል ወደ መተከል የሚያመላልስ የጭነት መኪና ገዙ። ሥራው ሳይደላደል መንገዱ በጸጥታ ችግር ተዘጋ፤ መኪናው ቆመ። በ2013 ዓ.ም. አቶ ጅረኛ በድንገት ዐረፉ። ወይዘሮ ጠጂቱ ከሐዘን ሳይወጡ የባንኩ ማስጠንቀቂያ መጣባቸው፤ ሳይከፈል የከረመው የቤትና የቦታ ግብርም ተደረበበት።

ልጆቻቸው፣ "እማዬ፣ ቤቱ ይቅርብሽ፤ እኛ ጋ ኑሪ" ቢሏቸው፣ "አባታችሁ ብቻቸውን አልፈረሙም፤ እኔም ፈርሜያለሁ" አሉ። መኪናውን ሸጡ፤ አልበቃም። ትልቁን ቤት አከራይተው ሰርቪስ ቤት ገቡ። የጓሯቸውን ማንጎ ገና ከዛፉ ሳይወርድ ለነጋዴ ሸጡ። ማዘጋጃ ቤት ቀርበውም ግብሩን ከፋፍለው ለመክፈል ተስማሙ።

ባንኩ የቤቱን የሐራጅ ማስታወቂያ ካወጣ በኋላ ገዢዎች ቤቱን ሊያዩ መጡ። ወይዘሮ ጠጂቱ አላባረሯቸውም። ነጠላቸውን አስተካክለው ክፍሉን ሁሉ አስጎበኟቸውና በሩ ላይ ሲደርሱ፣ "ስለ መጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ፤ ቤቱ ግን አይሸጥም" ብለው ሸኟቸው። እንዳሉትም ጨረታው ሳይከፈት ውዝፉን ከነወለዱ ከፈሉ፤ ሐራጁ ተሰረዘ። የቀረውንም ዕዳ በ2016 ዓ.ም. ጨርሰው ካርታቸውን ተረከቡ።

የመንጌው ተወላጅ ነጋዴ አቶ ጀዕፈር እንዲሁ ቤታቸው ሊሸጥባቸው ሲል ወይዘሮ ጠጂቱ፣ "ወንድሜ፣ መደበቅ ይቅር፤ ተነሥ፣ አብረን እናነጋግራቸው" ብለው ባንክ ድረስ ሄደውላቸዋል። አቶ ጀዕፈር ዛሬ ከቤተሰቡ ጋር ቆመው ለቀስተኛ እየተቀበሉ ነው።

ወይዘሮ ጠጂቱ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በገዛ ቤታቸው፣ ልጆቻቸው አጠገባቸው ሆነው ዐረፉ። የሁለት ልጆች እናት፣ የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። በምድር ቤታቸውን ያላስነጠቃቸው ጌታ በሰማይ ማረፊያቸውን ያስፋላቸው፤ እኛንም ያጽናን።