የማለዳው ሰም

ይድረስ ለእማዬ፣ ጣቷ ሰም ሳይነካ ውሎ ለማያውቀው። ጤናሽ እንደምን ነው? ጉልበትሽስ? ደረጃ ስትወርጂ አሁንም ግድግዳውን ትደግፊያለሽ? ያ ሳል ለቀቀሽ ወይስ እንደ ዘመድ ተቀምጦ ቀረ? ወንድሜ ባለፈው «እናታችን ደህና ናት፤ ስትቆጣ ድምጿ ሦስተኛ ቤት ድረስ ይሰማል» ብሎ ስለጻፈልኝ ግማሽ ልቤ አርፏል። እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልሆንኩም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እንዲያውም ወፍሬያለሁ፤ ከደብዳቤው ጋር የላክሁትን ፎቶ ስታዪ እንዳትስቂ።

አንተ ወንድሜ፣ የምታነብላት አንተ ነህና አደራህን፣ እየዘለልክ አታንብብ። የማፍርበት ቦታ ስትደርስም ድምፅህን ዝቅ አድርግልኝ።

እማዬ፣ ባለፈው «ሻማ ስትሠሪ ሁለተኛውን ሰም ለምን ሁልጊዜ ማለዳ ነበር የምትጨምሪው?» ብዬ ስጠይቅሽ ለምን እንደጠየቅሁ ደብቄሽ ነበር። አሁን ልናገር፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ።

ሥራዬ ያው ቶርኖ ላይ ነው፤ ብረት እያሽከረከርኩ ስቀርጽ እውላለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አምስት ሰዎች ሆነን እዚያው ወርክሾፕ ውስጥ ሮኬት እንሠራለን። አዎ፣ ሮኬት። ደረትሽን አትምቺ፤ ቁመቱ ከአንቺ ብዙም አይበልጥም። መሪያችን ጢሶ የምንለው የኬሚስትሪ መምህር ነው፤ አንዱን ቅንድቡን ለሙያው የሰጠ ሰው ነው።

ሻማ ላይ ብርጭቆ ሲደፉበት እሳቱ ትንፋሽ አጥቶ እንደሚጠፋ ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። የሮኬት እሳት ደግሞ የሚተነፍሰውን ራሱ ይዞ ነው የሚሄደው። ይህን የእሳት ትንፋሽ ኦክሲዳይዘር ይሉታል። ሌላው ሰው ስለ ኳስ ተጫዋች እንደሚያወራው ጢሶ ስለ ኦክሲዳይዘር ያወራል። ፀጉር ቤቶች ፀጉር ከሚያነጡበት ፈሳሽ የሚሠራ አለ ይላል። አሸዋ እንኳ ያነድዳል የሚባልም አለ፤ የእሱን ስም ሲጠራማ ጢሶ ራሱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። እኛ የመረጥነው ጥርስ ሐኪም በሽተኛውን የሚያደነዝዝበትን፣ ያንን የሚያስቀውን ጋዝ ነው። ከአምስታችን አንዱ፣ በያጁ፣ «ብንሞትም እየሳቅን ነው» ይላል። ቀልዱን ነው፤ ሲቀጣጠል እኛ የምንሆነው ከአፈር ክምር ጀርባ፣ አንድ ኳስ ሜዳ ያህል ርቀን ነው።

የሚነደውስ አትይኝም? ጉዱ እዚህ ላይ ነው፤ ሰም ነው። የሻማ ሰም! ጢሶ ይህን እንደተናገረ ከወንበሬ ብድግ ብዬ «ለእኔ ተዉት! ከእናቴ በላይ ሰም የሚያውቅ የለም፤ ከእናቴ ቀጥሎ ደግሞ እኔ ነኝ» አልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሜ «ሻማ» ሆኖ ቀረ።

ወፍራም ቧንቧ ውስጥ ሰም መሙላት፣ መሐሉን ጋዙ እንዲያልፍበት ክፍት መተው፣ ሥራው ይኸው ነው። ልክ እንዳስተማርሽኝ አደረግሁ። አመሻሽ ላይ ሞላሁት፤ ሲበርድ እንደ ልማዱ ላዩ ሰረጎደ፤ ማለዳ ሄጄ ሁለተኛውን ጨመርኩበት። ለምን ብሎ የጠየቀኝ የለም። እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። እኛ ቤት ሰም ማታ አንዴ፣ ማለዳ አንዴ ነው፤ አለቀ።

ሜዳ ወጥተን ስናቀጣጥለው ሁለት ሰከንድ እንኳ በቅጡ አልነደደም። የማለዳው ሰም ከማታው ጋር አልተዋሐደም ኖሮ ከመጋጠሚያው ተሰንጥቆ አንድ ቁራጭ ወጣና የእሳቱን መውጫ ወተፈው። ሻማ ቢሆን ግድ አልነበረውም፤ ሞተሩ ግን ፈነዳ። እኛ ክምሩ ጀርባ ስለነበርን የተጎዳ ሰው የለም። በያጁ ሦስት ወር የለፋበት የሞተሩ ማቀፊያ ግን እንደ አሮጌ ቆርቆሮ ተተረተረ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ያኔ ምነው አፌን በቆረጠው! «ጥፋቱ የእናቴ ነው፤ እንዲህ ያስተማረችኝ እሷ ናት» አልኩ። በሌለሽበት፣ በማያውቁሽ ሰዎች ፊት። ያኔ ከቤት ተለይቼ ስወጣ ደጃፍ ላይ «ከእኔ የወረስሽው የተቃጠለ ጣት ብቻ ነው» ያልሽኝ ወዲያው ትዝ አለኝ። እኔ ደግሞ ያን ክፉ ቃልሽን እውነት ሳደርገው ልቤ ቁርጥ አለ። እማዬ፣ ይቅር በይኝ።

ጢሶ ሰሙን ትተን ፕላስቲክ እናንድድ አለ፤ ሌሎቹም ተስማሙ። አመል ያወጣል ከመሐል እንዲሉ እኔም ከሰሙ ጋር ልወጣ ነው። የመጨረሻ አንድ ዕድል ብቻ ስጡኝ ብዬ ለመንኩ፤ ፊታቸውን እያዞሩም ቢሆን ሰጡኝ። ለዚያ ነው የጻፍኩልሽ።

መልስሽን ቶርኖው አጠገብ ቆሜ አነበብኩት። «ለሰሙማ ትኩስ እንዳለ ቢጨመርለት ይሻለው ነበር። ግን ያ ሰዓት እናንተን የማስተኛበት ነው። አንቺ ደግሞ ራስሽን ካልዳበስኩሽ ዓይንሽን አትከድኚም ነበር። ሰም እስከ ማለዳ ይጠብቃል፤ ልጅ አይጠብቅም» ብለሻል። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። አለቃዬ የብረት ብናኝ የገባብኝ መስሎት «መነጽር አድርጊ አላልኩሽም!» ብሎ ጮኸብኝ። ለካ ይህን ሁሉ ዓመት የሙያ ምስጢር ነው ብዬ የያዝኩት የእኔ እንቅልፍ ኖሯል!

እንባዬን ጠርጌ ቀና ስል ቶርኖው ፊቴ ይሽከረከራል። ታዲያ ሰሙ ሲሰረጉድ ከምንሞላው፣ እየዞረ ቢበርድስ? አዲስ ቧንቧ ቶርኖው ላይ አስሬ፣ የቀለጠውን ሰም ጨምሬ፣ ጫፍና ጫፉን ደፍኜ አሽከረከርኩት። ሰሙ ዙሪያውን ግድግዳው ላይ ተለጠፈ፤ መሐሉ በራሱ ክፍት ቀረ። መጋጠሚያ የለ፣ ስንጥቅ የለ፤ አንዴ ብቻ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዳይሆንብኝ እስኪበርድ ግማሽ ቀን አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ያለፈው ቅዳሜ ከማቀጣጠላችን በፊት ደብዳቤሽን ለሁሉም አነበብኩላቸው፤ ያን ዕለት ጥፋቱን በአንቺ ማላከኬንም አመንኩ። ማንም አልሳቀም። ከዚያ ክምሩ ጀርባ ተኛን፣ ጢሶም ቁልፉን ተጫነ። አሥራ አንድ ሰከንድ ነደደልሽ! ምድሩ ደረቴ ሥር ሲንቀጠቀጥ ልቤ ጮቤ ረገጠ። ጢሶ ወደ ላይ የወረወረው ኮፍያ እስካሁን አልተገኘም። ፕላስቲኩን ዳግም ያነሣው የለም፤ በሰም እንቀጥላለን።

በያጁ ሦስት ልጆች አሉት፤ ቅዳሜ ጨልሞ ነበር ቤቱ የሚገባው። ያን ዕለት ግን ገና ፀሐይ ሳለ ጓንቱን አውልቆ «ብረትም ይጠብቃል» አለና ሄደ። እኔ ከአንቺ የወረስኩት የተቃጠለ ጣት ብቻ አይደለም እማዬ። እንዲህ ያለ ነገር ነው የወረስኩት፣ ሳላውቀው።

ወንድሜን «ስላነበብክ እግዜር ይስጥልኝ» በይልኝ። ለባለቤቱ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ የላከችልኝ ሹራብ ልክ ሆኖልኛል፣ እጅጌው ብቻ ትንሽ ረዝሟል። የጎረቤታችንን፣ የሽማግሌውን ልብስ ሰፊ፣ ጉንጭ ሳሚልኝ። የወንድሜ ልጅ አሁንም ማታ ማታ አልተኛም እያለች ሰም ቤት ድረስ ትከተልሽ የለ? አትቆጫት። ድስቱን አውርጂና ራሷን ዳብሺልኝ፤ ሰሙ ይጠብቅ።

ልጅሽ «ሻማ»
ከቶርኖው አጠገብ፣ በምሳ ሰዓት
ረቡዕ፣ መጋቢት 19 ቀን