ለማክሰኞ አንድ ሰው ሲጎድል

ውድ አኔሊ፣

...በዚያ ማክሰኞ ማታ፣ ከጥናት ክበባችን ስንወጣ፣ ጓንትሽን በጥርስሽ ነክሰሽ ይዘሽ ነበር። አንዱ እጅሽ ኪስሽ ውስጥ የብስክሌቱን ቁልፍ ይፈልጋል፣ በሌላው ደብተርሽን ደረትሽ ላይ ለጥፈሽዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የተናገርሽውን በደንብ አልሰማሁትም። ጓንቱ ወደቀ። ጎንበስ ብለሽ አነሳሽውና ደገምሽልኝ፦ "እኛ እኮ የምንማረው ማንም የማይፈልገውን ነው፣ ስታፋን።" እኔም "ታዲያ?" አልኩሽ። ከዚያ ወዲያ ምን እንዳልሽ ለማስታወስ ብዙ ሞክሬያለሁ። የሳቅሽ ይመስለኛል። ጥቅምት ነበር፣ በረዶ ገና አልጣለም። ቁልቁለቱን ወረድሽ። በሚቀጥለው ማክሰኞ አልመጣሽም፣ ከዚያ በኋላ ባለውም።

አልተጣላንም። ይህን ለሰው ማስረዳት ያቅተኛል። ከእኔ ጋር ክበቡ ውስጥ የቀረችው ሶልቬግ "ምን አድርገሃት ነው?" ትለኛለች። ብንጣላ ይሻል ነበር፤ የተጣላ ሰው የሚታረቅበት ነገር አለው። እኛ ግን እንደ አገራችን ሰው ነው የተለያየነው፤ በትሕትና፣ ጊዜ በማጣት።

ይህን የምጽፍልሽ እዚያው ክፍል ተቀምጬ ነው። የትምህርት ማኅበሩ ቤት፣ የማሞቂያው ብረት የሚንኳኳበት ክፍል። ማክሰኞ ነው፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል፣ ውጭው ከጨለመ ቆይቷል። እስካሁን ከእኔ በቀር ማንም የለም።

ባለፈው ሳምንት ጉንቦር መጥታ ነበር። ክፍሎቹን የምታድለው ሴትዮ፣ ታስታውሻታለሽ፤ ቁልፎቿን አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለው። በሩ ላይ ቆማ እኔንና ሶልቬግን አየችን።

"ሁለት ሰው የጥናት ክበብ አይባልም" አለች። "ሁለት ሰው ወሬ ነው።"

"ሦስተኛዋ ሥራ በዝቶባት ነው" አልኳት።

"ከጥቅምት ጀምሮ?"

"ከጥቅምት ጀምሮ።"

"አይ ስታፋን። ደንቡ ሦስት ነው የሚለው፣ ደንቡን እኔ አላወጣሁትም። እነዚያ በመስመር የሚጨፍሩት ጡረተኞች ደግሞ ክፍል አጥተው ኮሪደር ላይ ነው የሚለማመዱት።"

ሶልቬግ ኮምፒውተሯን ብድግ አድርጋ ባዶው ወንበር ላይ አስቀመጠችው። "ይኸው ሦስተኛ። ከስታፋን የተሻለ ያወራል።"

"ሰው ይሁን" አለች ጉንቦር፣ ሳትስቅ። "አምና ሹራብ ሠሪዎቹ ውሻ አስቆጥረው ሊያልፉኝ ነበር።"

በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው፤ በሚቀጥለው ማክሰኞ፣ ማለትም ዛሬ፣ አንድ ሰዓት ላይ መጥታ ትቆጥረናለች። ሦስት ከሆንን እስከ ሰኔ ክፍሉ የእኛ ነው። ካልሆንን ለጨፋሪዎቹ ይሰጣል፣ ክበቡም እዚህ ላይ ያበቃል። ረቡዕ ዕለት መልእክት ላኩልሽ። "ማክሰኞ እስከ አንድ ሰዓት ሦስት ሰው ያስፈልገናል" የሚል። ከዚያ በፊት ረጅም ጽፌ ነበር፣ አጠፋሁት። አንቺም አውራ ጣት ላክሽልኝ። ያችን ቢጫ አውራ ጣት ደጋግሜ አይቻታለሁ። እመጣለሁ ነው? ወይስ በርቱ ነው?

*

ቴክኖሎጂ የምጠላ አድርገሽ ታስቢኛለሽ። አልጠላም። እንጀራዬ ነው። ያ የታዘዘውን ኮድ የሚጽፍልን ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ መሥሪያ ቤቱ "ረዳቱ" ብሎ ስም ያወጣለት፣ በብዙ ቀን ከእኔ የተሻለ ይጽፋል። ይህን አምኜ ልጻፍልሽ፣ ምክንያቱም ፊት ለፊት አላምንልሽም ነበር። የምከራከረው ስለ ኮዱ አይደለም።

ድሮ ያንቺን ኮድ ስከፍት ምሳ እንዳልበላሽ አውቅ ነበር። ሲርብሽ ስም ታሳጥሪያለሽ፤ ሁሉም ነገር በአንድ ፊደል ይጠራል። ስትናደጂ ደግሞ ለሚቀጥለው አንባቢ ማስታወሻ ትተዪ ነበር፣ "ይህን የነካ ራሱ ያስተካክል" የሚል። አሁን የሁላችንም ኮድ በደንብ የበላ፣ በደንብ የተኛ፣ ማንም ያላስቀየመው ሰው የጻፈው ይመስላል። ከፍቼ አነባለሁ። ማንም የለበትም።

ከገና ወዲህ የሚጠይቀኝ ሰው የለም። በፊት የቡድኑ መልእክት መስመር ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ስሜ ይጠራ ነበር፦ ስታፋን ይሄ ለምን ይወድቃል፣ ስታፋን ይሄን ማን ጻፈው፣ ስታፋን እባክህ። እበሳጭ ነበር። ሥራ አላሠራ አላችሁኝ ብዬ ለአለቃው አቤቱታ እስከማቅረብ ደርሻለሁ። አሁን ሁሉም ረዳቱን ይጠይቃል። በቀደም ቢሮ ገብቼ አጠገቤ የሚቀመጠው ዮርገን ከወንበሩ ዞሮ "ስታፋን" አለኝ። የጆሮ ማዳመጫዬን አወለቅኩ፣ ወንበሬን ወደ እሱ ሳብኩ።

"መስኮቱን ትዘጋዋለህ?" አለኝ።

ጥያቄ ነው፣ በእርግጥ። ዘጋሁት።

ከእኛ ቢሮ ከተዛወርሽ ወዲህ አንቺንም አየሁሽ፣ በጥር ስልጠናው ላይ። ረዳቱን እንዴት እንደምንጠቀም ለድርጅቱ ሰው ሁሉ በስክሪን ስታስተምሪ። ፀጉርሽን አሳጥረሽዋል። የተናገርሽው ሁሉ ትክክል ነበር። መጨረሻ ላይ "ጥያቄ ያለው?" አልሽ፤ እኔም እጄን አነሳሁ፣ ማለት ያችን የእጅ ምልክት ተጫንኩ። ያየሽኝ መሰለኝ። ከዚያ ሰዓቱ አለቀና ሁላችንም ጠፋን። ልጠይቅሽ የነበረው ስለ ረዳቱ አልነበረም።

*

ሶልቬግ መጣች። በረዶ እንዳያንሸራትታት ጫማዋ ሥር ባሰረችው የብረት ጥርስ ስለምትራመድ ከደረጃው ጀምሮ ትሰማለች። ባለፈው ዓመት የሶፍትዌር ስህተት ፈላጊ ነበረች፤ ድርጅቷ ስህተቱንም ማሽን ይፈልገው ብሎ ካሰናበታት ወዲህ የእኛን ስህተት ነው የምትፈልገው። ዛሬ የቅበላው ማክሰኞ ስለሆነ ክሬም የተሞላውን ዳቦ ይዛ መጥታለች። ጾሙን ትተን ዳቦውን ብቻ ያስቀረን ሰዎች ነን። ሦስት ገዝታለች።

"ደብዳቤ ነው?" አለችኝ፣ ክሬሙ አፍንጫዋ ላይ ሆኖ።

"ማስታወሻ ነው።"

"ለማስታወሻ 'ውድ' ይባላል እንዴ?"

ወረቀቱን ሸፈንኩት። ከፔርሙዙ ቡና ቀዳችልኝና ወደ መስኮቱ ሄደች፤ ብስክሌት ማቆሚያውን ታያለች። ባዶ ነው አላለችኝም። ይህን ስጽፍ ሦስተኛውን ዳቦ ራሷ በልታዋለች። "እስክትመጣ ክሬሙ ይበላሽ ነበር" አለች።

*

ስለ ፖለቲካም ላንቺ ያልነገርኩሽ አለ። ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን ማንን እንደምትመርጪ አላውቅም። አይጠየቅም። በመጨረሻው ምርጫ በትምህርት ቤቱ ስፖርት አዳራሽ ከኋላሽ ተሰልፌ ነበር፤ አላየሽኝም። የሁሉንም ፓርቲ የምርጫ ወረቀት ከመደርደሪያው አንድ አንድ አነሳሽ፣ ማንም እንዳያውቅብሽ፤ እናቴም እንደዚያ ነበር የምታደርገው። ከመጋረጃው ኋላ ገባሽ። እኔ እዚያ ቆሜ የትኛውን ወረቀት እንደምትመርጪ ሳይሆን ያሰብኩት፣ እንዴት አድርጌ አንቺን ሳላስደነግጥ ሰላም እንደምልሽ ነበር። ወጣሽ። ሰላም አላልኩሽም።

ያን ጊዜ እዚህ ጠረጴዛ ላይ የተከራከርነውን ታስታውሺያለሽ? መንግሥት የሰውን መልእክት ሁሉ ይፈትሽ የሚለው ሐሳብ ተነስቶ፣ ገና ስምንት ሆነን በምንሰበሰብበት ጊዜ። እኔ ጠረጴዛ እየደበደብኩ ተናገርኩ። ዛሬም ያው ነው አቋሜ፤ ለጥሩ ሰው ብለን የምንከፍተውን በር ነገ ማን እንደሚገባበት አናውቅም፣ እንዲህ ያለውን በር የምንሠራው ደግሞ እኛው ነን፣ በሰዓት እየተከፈለን። አንቺ እርሳስሽን እያኘክሽ አዳመጥሽኝና "ስታፋን፣ አንተ እኮ መልእክትህን የሚያነብልህ ሰው ብታገኝ ደስ ይልህ ነበር" አልሽ።

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ጥሩ ቀልድ ነበር። ቤት ገብቼ ግን ጫማዬን ሳላወልቅ ምንጣፉ ላይ ቆምኩ። የጫማዬ ጭቃ ወለሉ ላይ ደረቀ። በማግስቱ ወለሉን ወለወልኩ።

እንደዚህ ላሉ ቤቶች የሚመደበው ገንዘብ ሲቀነስ ደግሞ ማንም አደባባይ አልወጣም። እኔም አልወጣሁም። ስለ መልእክት ጠረጴዛ የደበደብኩት ሰውዬ፣ ስለ ክፍሉ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ሁልጊዜ የሚኖር መስሎኝ ነበር።

*

ክበቡን የጀመርሽው አንቺ ነሽ። ያን ወፍራም መጽሐፍ፣ ኮምፒውተር ከሥር ከመሠረቱ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳውን፣ ከቤተ መጻሕፍት ያመጣሽው አንቺ። "ለሥራ አይጠቅመንም፤ እንወቀው" አልሽ። አንዳንድ ማክሰኞ አንድ ገጽ እንኳ አንጨርስም ነበር። ሲያቅትሽ "ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ" ትያለሽ፣ በቁጣ፣ የሆነ ሰው እየሸሸሽ እንዳለ። እኔም እንዳልገባኝ ለመናገር ድፍረት የማገኘው ያን ጊዜ ነበር።

በስልጠናው ላይ፣ አሁን ሰው ለብቻው፣ በራሱ ሰዓት፣ በራሱ ፍጥነት ሊማር ይችላል ብለሻል። እውነት ነው። ሞክሬዋለሁ። ቤቴ ተቀምጬ መጽሐፉ ውስጥ ያቆምንበትን ቦታ ረዳቱን ጠየቅኩት። አስረዳኝ። ደግሜ ጠየቅኩት፣ ደግሞ አስረዳኝ፣ አልታከተውም፣ አልናቀኝም። ገባኝ። ከዚያ ቀና ብዬ ወጥ ቤቱን አየሁ። አለመግባቴን ያየ ማንም አልነበረም፣ ስለዚህ መግባቱም ለማንም አልሆነ። ይህን በሙያችን ቋንቋ እንዴት እንደምለው አላውቅም። ሰው የሚማረው ያልገባው መሆኑን የሚያይለት ሰው ሲኖር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህ ሐሳብ ይሁን ብቸኝነት መለየት ግን አልችልም።

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ አዳራሹ ውስጥ አየሁሽ፣ ወተቱ ጋ። ጀርባሽን ነው ያየሁት። የምገዛውን ትቼ ወጣሁ።

እንግዲህ ልጨርስ። ሶልቬግ ሰዓቷን ማየት አቁማለች፣ ይህ ጥሩ ምልክት አይደለም። ብትመጪ ይህ ወረቀት ኪሴ ይገባል፣ አታነቢውም። ባትመጪ በፖስታ እልክልሻለሁ፤ አንቺም አውራ ጣት ልትመልሺበት የማትችይው ነገር ይሆናል። የፈለግሽውን ጠይቂኝ፣ አኔሊ። የምታውቂውንም ቢሆን።

ደህና ሁኚልኝ።

ስታፋን

*

ከፈረምኩ በኋላ አንድ ነገር ሆነ። ላንቺ ካልጻፍኩት ለማንም አልናገረውም።

አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው እርምጃ ሰማን። ቀስ ያለ፣ በየደረጃው የሚያርፍ። ሶልቬግ አየችኝ። ያንቺ እርምጃ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ተነስቼ ቆምኩ። በሩ ተከፈተና አንድ ረጅም ሽማግሌ ሰውዬ ኮፍያቸውን አውልቀው በረዶውን ከደጅ አራገፉ።

"ኢንግቫር እባላለሁ" አሉ። "ወረቀት ፋብሪካ ነበርኩ፣ አሁን ጡረተኛ ነኝ። ቤተ መጻሕፍቱ ሰሌዳ ላይ ሰው እንደምትፈልጉ የሚል ማስታወቂያ አይቼ ነው።"

እኔ ምንም አልለጠፍኩም። ሶልቬግ ክሬሙን ከአፍንጫዋ ጠረገች። "በሰዓቱ ደረሱ!" አለች። "ይግቡ፣ ይግቡ፣ ብርዱን አያስገቡብን።" በእግሯ ያንቺን ወንበር ሳበችላቸው።

"ስለ ኮምፒውተር ምንም አላውቅም" አሉ፣ በሩ ላይ እንደቆሙ። "ቤት ውስጥ የልጄ አሮጌ አንድ አለኝ። አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ሰው ልጠይቅ እያልኩ..." ኮፍያቸውን አዞሩት፣ አፍረዋል። "ሲጠፋ፣ እዚያ ውስጥ የነበረው ነገር የት ነው የሚሄደው?"

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አኔሊ። አንድ ሙሉ ማክሰኞ የሚያስፈልገው ጥያቄ ነው። መጽሐፉም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ከኮሪደሩ ጫፍ የጉንቦር ቁልፎች ይሰሙኝ ነበር።

"ይቅርታ" አልኳቸው። "ቦታው ሞልቷል።"

ሰውዬው ወንበሮቹን አዩ። አሥራ ሁለት ይሆናሉ።

"ሦስተኛዋ እየመጣች ነው" አልኩ።

"ስታፋን" አለች ሶልቬግ። እግሯ አሁንም ወንበሩ ላይ ነው።

"ምንም አይደል፣ ምንም አይደል" አሉ ኢንግቫር። "እንግዲያውስ ልረብሻችሁ አልፈልግም።" ኮፍያቸውን ደፉና እጀታውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ድምፅ እንዳያሰማ ተጠንቅቀው፣ በሩን ዘጉት።